እኔ ወረድኩ፣ ጓደኞቼ በባቡሩ ሄዱ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከአገር ቤት ጀምሮ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ሙኒክ ማስተርሴን እየተማርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአራት ተማሪዎች ጋር ተዋወቅኩ። አንዷ ህንዳዊት፣ አንዱ ብራዚላዊ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ናቸው። ቋንቋው ሲከብደኝ፣ ብርዱና ብቸኝነቱ ሲጠናብኝ ከአጠገቤ የነበሩት እነሱ ናቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ተነሥተን አንድ ከተማ አይተን ማታ እንመለሳለን። ለአምስት ሰው የሚሆነውን የቀን ቲኬት እንገዛና ሒሳቡን እንካፈላለን። በተለይ ህንዳዊቷ ለእኔ እንደ እህት ናት፤ ሽሮ አስለምጃታለሁ፣ እሷም ምስሩን በራሷ ቅመም ታበላኛለች።

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ የገና ገበያውን ለማየት ድንበር ተሻግረን ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ሄድን። ውሏችን ደስ የሚል ነበር። ማታ ስንመለስ ባቡሩ ድንበሩን አልፎ ሲቆም ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ፉርጎው ሙሉ ነው። በመተላለፊያው ቀጥ ብለው መጡና እኔ ጋ ቆሙ። መታወቂያ ጠየቁኝ። ቦርሳ ስቀይር ፓስፖርቴንም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴንም ቤት ረስቻቸዋለሁ። የተማሪ መታወቂያዬንና ስልኬ ላይ ያለውን የፓስፖርቴን ፎቶ አሳየኋቸው። ይህ አይበቃም አሉኝና ይዘውኝ ወረዱ። ከአምስታችን ከእኔ በቀር ማንም አልተጠየቀም።

ጓደኞቼ ቁጭ ብለው አዩኝ። ብራዚላዊው ሳቅ ብሎ ነበር። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ። ቲኬቱም አብሯቸው ሄደ፤ ስልኩ ላይ የያዘው አንዱ ጀርመናዊ ነበር።

ፖሊሶቹ አልሰደቡኝም፣ አልገፈተሩኝም። ስሜንና የትውልድ ቀኔን ወስደው ከመዝገብ ካገኙኝ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አቆይተው ለቀቁኝ። የሳምንት አስቤዛዬን በሚያህል ገንዘብ ሌላ ቲኬት ገዝቼ ቤቴ የገባሁት እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው። ስልኬን ስከፍት የቡድናችን ዋትሳፕ በቀኑ ፎቶዎች ተሞልቷል። ከሥሩ «ደረስሽ?» የሚል ጥያቄና ቀይ ልብ አለ። «አዎ፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብዬ መለስኩ። ቀጥሎ ብራዚላዊው «ዕድለኛ ነኝ፤ እኔም እኮ ፓስፖርቴን አልያዝኩም ነበር» ብሎ ጻፈና የሳቅ ምልክት ጨመረበት። ስልኩን ደፍቼ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጉዞ ቀረሁ። አንዴ ፈተና አለብኝ፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው። አሁን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እንደገና ሳልዝቡርግ እንሂድ ብለዋል፤ ባለፈው ምሽጉን ሳናይ ስለተመለስን ነው። ህንዳዊቷ ጓደኛዬ «ምን አደረግንሽ? ከእኛ ሸሸሽ እኮ» ስትለኝ ዋሸኋት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማገኛት የአገሬ ልጅ ደግሞ «ድሮስ ከነሱ ጋር ምን አዞረሽ? ከራስሽ ሰው ጋር ብትሆኚ ይሻልሻል» ትለኛለች። እማዬ ምንም አታውቅም፤ ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ባቡር ጣቢያ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ ልቤ ይመታል። ካርዴ መኖሩን ለማረጋገጥ በቀን አሥር ጊዜ ቦርሳዬን እዳብሳለሁ። ካርዴን የረሳሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ። ታዲያ በእነሱ የተቀየምኩት ለምንድን ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር? ወይስ ጭራሹን ከቡድኑ ልውጣ?

ባቡሩ ጥሏት የሄደ፣ ከሙኒክ



የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የፖሊሶቹ ነገር አናደደኝ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ ቀረ። ስለ ፖሊሶቹ ስትጽፊ ረጋ ብለሽ ነው፤ እንዳልሰደቡሽና እንዳልገፈተሩሽ እንኳ መስክረሽላቸዋል። ጓደኞችሽ ጋ ስትደርሺ ግን ትንፋሽሽ ያጥራል፦ «ቁጭ ብለው አዩኝ። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ።» ማታ ማታ የሚመጣብሽ የትኛው ነው? መታወቂያ የጠየቀሽ ሰው ፊት ነው ወይስ በመስኮቱ ውስጥ እየራቁ የሄዱት አራት ፊቶች? ለእኔ መመለስ የለብሽም፤ ለራስሽ ግን መልሺው። ሁለተኛው ከሆነ ሳልዝቡርግ ብትሄጂም ብትቀሪም ሕመሙ አብሮሽ ነው ያለው።

«ጥፋቱ የራሴ ነው» ያልሽው ላይ ትንሽ እንቆይ። ካርድሽን መርሳትሽ ስህተት ነው፤ ቦርሳ የቀየረ ሰው ሁሉ የሚሠራው ዓይነት ትንሽ ስህተት። ድንበር የሚሻገር ተማሪ ዋናውን ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን መያዝ አለበት፤ ጀርመን ከኦስትሪያ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ ፍተሻው ተመልሶ መጥቷል። እስከዚህ ልክ ነሽ። ነገር ግን ብራዚላዊው ጓደኛሽም የሠራው ያንኑ ስህተት ነው። እሱ በአንድ የሳቅ ምልክት አለፈው። አንቺ ብርድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመሽበታል፣ የሳምንት አስቤዛሽን ከፍለሽበታል፣ ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ራስሽን እየከሰስሽበት ነው። ካርዱን የረሳሽው አንቺ ነሽ፤ ከአምስት ሰው መካከል ለብቻሽ ተመርጠሽ መጠየቅሽን ግን አንቺ አላመጣሽውም። ሁለቱን በአንድ ቋጠሮ አስረሽ ስለያዝሻቸው፣ በሰው መቀየምሽ ለራስሽም ግራ ሆኖብሻል። እስቲ ፍቺያቸውና ለየብቻ አስቀምጫቸው።

ፖሊሶቹ ያን ማታ ምን አስበው ወደ አንቺ ቀጥ እንዳሉ እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። የተሰማሽ ነገር ግን ካለመጠን ያሰብሽው፣ «ሆድ የባሰሽ» ስለሆንሽ ብቻ የመጣብሽ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 አንድ ጥቁር ጀርመናዊ ተማሪ ከካሰል ወደ ፍራንክፈርት በሚሄድ ባቡር ላይ መታወቂያ ተጠየቀ። ነገሩ ስለቆረቆረው ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ። ይግባኝ አለ። በኦክቶበር 2012 ኮብሌንዝ የሚያስችለው የራይንላንድ-ፋልስ ከፍተኛ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት፣ የቆዳ ቀለምን መነሻ አድርጎ ሰውን ለይቶ መጠየቅ ሕገ መንግሥቱ ከሚከለክለው አድልዎ ጋር እንደሚጋጭ ተናገረ፤ የፖሊስ ተወካዮቹም ችሎቱ ላይ ተማሪውን ይቅርታ ጠየቁት። የእሱ ጉዳይ አገር ውስጥ፣ የአንቺ ድንበር ላይ ነው፤ ድንበር ላይ የፖሊስ ሥልጣን ሰፋ ይላል። ስለዚህ ከስሰሽ ታሸንፊያለሽ ብዬ አልነግርሽም፤ ክሰሺም አልልሽም። ያ ልጅ ባቡር ላይ የተሰማው ነገር ከአንቺ ጋር አንድ ስለመሰለኝ ብቻ ነው ያነሣሁልሽ።

ፈቃድሽ ከሆነ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ሳይደበዝዝብሽ ያን ማታ በጽሑፍ አስቀምጪው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደተቀመጣችሁ፣ ምን እንደጠየቁሽ፣ ማን እንዳልተጠየቀ። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ፀረ-አድልዎ ቢሮ አለ፤ ደውለሽ ወይም ጽፈሽ ምክር ብትጠይቂ ገንዘብ አያስከፍሉሽም። እንዲህ ያለ ነገር ምን ይባላል፣ የትስ ይቀርባል የሚለውን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ብትደውዪም ባትደውዪም ወረቀቱ ለራስሽ ይጠቅምሻል፤ በጭንቅላትሽ ውስጥ የሚዞረው ነገር አንዴ ወረቀት ላይ ካረፈ የሚዞርበት ፍጥነት ይቀንሳል።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ልመለስ። እዚህ ላይ ለብዙ ሰው ያልነገርኩትን የራሴን ታሪክ ልንገርሽ።

ተማሪ ሳለሁ ሰባት ሆነን ለአንድ ቀን ወደ ላንጋኖ በሕዝብ አውቶቡስ ወረድን። መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ፈታሹ ገብቶ መታወቂያ ሰበሰበ፤ የአንዷን ጓደኛችንን ደጋግሞ አገላበጠና እሷን ብቻ «ውረጂ» አላት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጉልበቴን አጥፌ አሳለፍኳትና በሌላኛው መስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ስትመለስ ማናችንም «ምን አሉሽ?» አላልናትም። ቆሎ ዘግነን ሰጠናት። ቀኑን ሙሉ ስንዋኝና ስንጫወት ዋልን፣ እሷም አብራን ሳቀች። ስንት ዓመት አልፎ፣ ሁለታችንም ልጆች ወልደን፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ «ያን ቀን የሰጣችሁኝን ቆሎ እያኘክሁ ነበር ያለቀስኩት፤ አንዳችሁም አላያችሁኝም» አለችኝ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው። ንቄያት አልነበረም፤ በጣም ነበር የምወዳት። ፈርቼ ነበር፣ ቀጥሎ እኔን እንዳይሉኝ። ስትመለስ ደግሞ አፈርኩ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝና እፍረቴን በቆሎ ሸፈንኩት። በደብዳቤሽ ውስጥ «ደረስሽ?» የሚለውንና ቀዩን ልብ ሳይ ያ ቆሎ ነው ትዝ ያለኝ።

ይህን የነገርኩሽ ይቅር በያቸው ለማለት አይደለም። የእኔ መፍራት የእሷን ዕንባ አያብስም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልነግርሽ የፈለግኩት ጓደኛዬ ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ እኔ ምንም አለማወቄን ነው። ስትስቅ አይቼ «ረስታዋለች» ብዬ ደምድሜ ነበር። ያንቺ ጓደኞች ደግሞ ከዚያም የበለጠ ማረጋገጫ በእጃቸው አለ፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብለሽ በገዛ ጣትሽ ጽፈሽላቸዋል። ያን ሌሊት እንደዚያ መጻፍሽን አልወቅስም። ደክሞሽ ነበር፣ በርዶሽ ነበር፤ እኛ ሰዎች ደግሞ ሲከፋን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እያልን ነው ያደግነው። ለእኛ ሰው ቢሆን ድምፅሽን ሰምቶ «አይ፣ ደህናስ አይደለሽም» ይልሽ ነበር። ለእነሱ ግን «ደህና ነኝ» ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሊያምሽ ይችላል። ያ የአምስት ሰው ቲኬት፣ ባየርን ቲኬት የሚባለው የክፍለ ሀገሩ የቀን ቲኬት ከሆነ፣ ቅዳሜና እሁድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በክፍለ ሀገሩ ባቡሮች ሁሉ ላይ ይሠራል። ጓደኞችሽ አብረውሽ ቢወርዱ ኖሮ ከሚቀጥሉት ባቡሮች በአንዱ በዚያው ቲኬት ትመለሱ ነበር፤ የሚያጡት ገንዘብ አልነበረም። ብርዱን አብረውሽ መቅመስ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ሁለቱ ጀርመኖች ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው «ጓደኛችን ናት፣ አብራን ነው የምትማረው» ለማለት አፋቸውን መክፈት ብቻ ይበቃቸው ነበር። አላደረጉትም። ቅያሜሽ መሠረት አለው፤ «ለምን ተቀየምኩ?» ብለሽ በራስሽ ላይ አትፍረጂ። በድንጋጤ ነው፣ በፍርሃት ነው፣ ወይስ ነገሩ ስላልከበዳቸው? ሊነግሩሽ የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው፣ የሚነግሩሽም ከጠየቅሻቸው ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ የእኔ ሐሳብ ይኸውልሽ። ሳልዝቡርግን ለጊዜው ተዪው። ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1077 መሠራት የጀመረ ነው፤ ይጠብቅሻል። ከእነሱ ጋር የምታደርጊው የመጀመሪያው ጉዞ በዚያው ሐዲድ፣ በዚያው ድንበር፣ ሳትነጋገሩ የሚደረግ መሆን የለበትም። ቀኑን ሙሉ ስትስቂ ውለሽ ማታ መመለሻው ሲቃረብ ሆድሽ ይታሰራል፤ ምን እንደሆንሽም አንዳቸውም አያውቁም። ቀሪና ዝም በይም አልልሽም፤ ሦስተኛ ሰበብ ከፈጠርሽ ህንዳዊቷን ልጅ የምታጫት ይመስለኛል። «ምን አደረግንሽ?» ብላ የጠየቀችሽ እኮ እሷ ናት። ከአራቱ በሩን የከፈተችልሽ አንዷ ናትና ከእሷ ጀምሪ።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ፣ ለሁለት ብቻ፣ አውግስቡርግ ሂዱ። ከሙኒክ በክፍለ ሀገር ባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የምትሻገሩት ድንበርም የለም። እዚያ ፉገራይ የሚባል ሰፈር አለ። ያዕቆብ ፉገር የተባለ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1521 ለከተማው ችግረኞች ያሠራው ሲሆን እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ የዓመት ኪራዩ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው፤ አዎ፣ የዓመቱ። ነዋሪዎቹ በምላሹ በየቀኑ ሦስት ጸሎት ለመሥራቹ ቤተሰብ ያደርሳሉ። ሳልዝቡርግ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ የሞዛርት ቅድመ አያት በችግሩ ጊዜ የተጠለለው እዚያ ነው፤ የሞዛርት አባት ሊዮፖልድም የተወለደው እዚያው አውግስቡርግ ነው። «ሳልዝቡርግ ከመሄዳችን በፊት የሞዛርትን አባት አገር እንይ» ብትያት ግብዣው ሰበብ አይመስልባትም። ጾሙ ስለያዘሽ ስንቅሽን ቋጥሪ፤ ለእሷም ትንሽ ጨምሪላት።

ባቡር ላይ ጎን ለጎን ስለምትቀመጡ ዓይን ለዓይን መተያየት የለባችሁም፤ ሁለታችሁም መስኮቱን እያያችሁ ስለምታወሩ ከባድ ነገር ቀለል ብሎ ይወጣል። እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦ «ባለፈው ምን አደረግንሽ ስትዪኝ ዋሽቼሻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ፖሊሶቹ ሲያስወርዱኝ ካርዴን በመርሳቴ አፍሬ ነበር። ከእሱ የበለጠ ያመመኝ ግን ባቡሩ ሲሄድ እናንተ ውስጥ መሆናችሁ ነው። ያን ጊዜ አንቺ ምን ተሰማሽ?» የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለዪው። ጠይቂና ዝም በዪ። ሊከብዳት ይችላል፤ ልታለቅስም ትችላለች፤ ምናልባት እሷም ፓስፖርት የምትይዝ የውጭ አገር ልጅ ናትና «ቀጥሎ እኔን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» ትልሽ ይሆናል። ወይም ጨርሶ ያልጠበቅሽውን ትነግርሽ ይሆናል። አንቺ የምታጽናኚያት ሰው እንዳትሆኚ ብቻ ጠንቀቅ በዪ፤ እንደ አንቺ ያሉ ልጆች የሌላውን ዕንባ ሲያዩ የራሳቸውን ይውጡታል።

ከእሷ ጋር ካወራሽ በኋላ ሦስቱን ወንዶች አንድ ላይ አግኚያቸው፤ በዋትሳፕ ግን አይሁን። የሳቅ ምልክትና ቀይ ልብ ባለበት ቦታ ይህን ዓይነት ነገር መናገር አይቻልም። ሻይ አፍልተሽ ጥሪያቸው፣ ወይም ካፍቴሪያው ጸጥ በሚልበት ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። ብራዚላዊውን ለይተሽ አትያዢው፤ መልእክቱን ግን ሳትጠቅሺ አትለፊ። «አንተም ፓስፖርት አልያዝክም ነበር፤ አልጠየቁህም። እኔ ሳነበው ሳቅ አልመጣልኝም» በዪው። ሳቁ የድንጋጤ ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲጨንቀውም ይስቃል። ድንጋጤ ከነበረ ይህን ስትዪው ፊቱ ላይ ታዪዋለሽ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፣ አንድ ብቻ፦ ከእንግዲህ አንድ ሰው ከባቡር ከወረደ አምስታችንም እንወርዳለን። ለማሰብ ጊዜ በሌለበት ቅጽበት ሰው የሚያደርገው ቀድሞ የተስማማበትን ነው። እኛም ያን ቀን ላንጋኖ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢኖረን ኖሮ፣ እኔ መስኮት መስኮት አላይም ነበር ብዬ አስባለሁ። ከመካከላቸው አንዱ «አጋነንሽው» ቢልሽ ወይም ትከሻውን ነቅንቆ ቢያልፈውስ? ያማል። ግን ያን ጊዜ ከቡድኑ ብትወጪ መሸሽ አይሆንም፤ ተናግረሽ፣ ሰምተሽ፣ አውቀሽ ነው የምትወጪው። ምናልባትም ሁሉንም ትተሽ አትወጪም፤ ከአራቱ ሁለቱን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ያም ጓደኝነት ነው።

የአገርሽ ልጅ የነገረችሽን አልናቅሁትም። እሁድ ነጠላሽን አጣፍተሽ ቆመሽ፣ ማንም «ከየት ነሽ?» በማይልሽ ቦታ መተንፈስ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በሰው አገር ደግሞ መድኃኒት ነው። ግን እስቲ አስቢው፤ ወደ እነሱ የምትሄጂው ስለናፈቁሽ ነው ወይስ ቅዳሜን ለመሸሽ? ሽሮ ያስለመድሻት ልጅ በየትኛው ወገን ነው የምትቆጠረው? እኔ እሁድን ለማግኘት ቅዳሜን መጣል ያለብሽ አይመስለኝም።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ፓስፖርትሽና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽ ጊዜያቸው ካላለፈ፣ በሌሎች የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይፈቀድልሻል፤ ሳልዝቡርግ ለአንድ ቀን መሄድ መብትሽ ነው። ሁለቱንም ዋናውን ያዢ፤ የስልክ ፎቶ ድንበር ላይ አይበቃም። ካርዱን ቦርሳሽ ውስጥ አታድርጊው፤ ቦርሳ ይቀየራል። ከስልክሽ ጋር አብሮ በሚሆን መያዣ ውስጥ ክተቺውና አሥር ጊዜ ከመዳበስ ትድኛለሽ። ዳግም ብትጠየቂ ሰነድሽን ከሰጠሽ በኋላ «እኔን የጠየቃችሁኝ ለምንድን ነው?» ብለሽ በረጋ ድምፅ መጠየቅ ትችያለሽ፤ መጠየቅ መሳደብ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ቲኬትሽ በራስሽ እጅ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 ጀምሮ ያለውን ዶይችላንድ ቲኬት፣ በመላ ጀርመን በክፍለ ሀገር ባቡሮች የሚሠራውን የወር ቲኬት፣ ታውቂዋለሽ፤ በ49 ዩሮ ተጀምሮ ዋጋው ቢጨምርም ባየርን ውስጥ ለተማሪ በቅናሽ የሚሰጥ አለ። በስምሽ፣ በስልክሽ ላይ ይሆናል፤ እስከ ሳልዝቡርግ ዋና ጣቢያ ድረስም ይሠራል። ከአምስቱ ቲኬት ድርሻ ይወደድብሽ ይሆናል። ለአንድ ወር ብቻ ሞክሪው። ያን ማታ ካደቀቁሽ ነገሮች አንዱ መመለሻሽ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ መሄዱ ነው፤ እንደገና ጉዞ ስትጀምሪ «በፈለግኩት ሰዓት፣ ብቻዬንም ቢሆን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» ማለት መቻልሽ ልብሽን ያሳርፈዋል።

የልብሽ መምታት ግን አሳስቦኛል። ዩኒፎርም ስታዪ የሚመጣው ድንጋጤ ከጓደኞችሽ ጋር ካወራሽ በኋላም ካልቀነሰ፣ እንቅልፍሽን ወይም ክፍል መሄድሽን ከነካ፣ ብቻሽን አትሸከሚው። ሙኒክ ያለው ሽቱዲረንደንቨርክ የተባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ለተማሪዎች የሥነ ልቦና ምክር በነፃ ይሰጣል። ቀጠሮ ለመያዝ «ታምሜያለሁ» ማለት የለብሽም፤ «ባቡር ላይ አንድ ነገር ደርሶብኝ ከዚያ ወዲህ ጣቢያ ስገባ እደነግጣለሁ» ማለት ይበቃል።

እናትሽንም እንደፈለግሽ። ዛሬ ባትነግሪያት መዋሸት አይደለም። ነገሩ ዐልፎ በሳቅ የምትናገሪው ጊዜ ሲመጣ ንገሪያት፤ ያኔ እሷም እንቅልፏን ትተኛለች።

ለሳልዝቡርጉ ግብዣ መልስ ሳትሰጪ አታቆያቸው። ዛሬ ማታ «በዚህኛው አልመጣም፣ ሰበብ የለኝም፤ ግን ሳምንት ሁላችሁንም ላገኛችሁ እፈልጋለሁ፣ የምነግራችሁ አለ» ብለሽ ጻፊላቸው። ለህንዳዊቷ ደግሞ ለብቻዋ ጻፊላትና አውግስቡርግ የሚሄደውን ባቡር ሰዓት ላኪላት።